አመድ የተቀባ ተረከዝ

አፌ ነው ጠላቴ። ጓደኛዬ ሊያገባ ሲነሳ «አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ» አለኝና ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ሙሽራዋን በፈረስ የምታመጣትም አንተ ነህ፤ መቼም ፈረስ ትችላለህ» ሲለኝ፣ «ምን ጥያቄ አለው» ብዬው አረፍኩ። ፈረስ ላይ የወጣሁት በልጅነቴ አንዴ ብቻ ነው። ያኔም አጎቴ አስቀምጦኝ፣ እሪ ብዬ ሳለቅስ አውርዶኛል።

የሙሽራዋ ቤት መርሳ ከተማ ውስጥ ነው። የጓደኛዬ ቤተሰብ ግን ከመርሳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው ያለው። መኪና እስከ ወንዙ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ገደል። በዚያ ሰፈር ወግ ሙሽራ አማቶቿ ደጅ በእግሯ አትደርስም። አንደኛው ሚዜ አፈናጦ ያደርሳታል። ሚዜው ካቃተው እሱም ሙሽራውም መተረቻ ሆነው ይቀራሉ።

ለሽምግልና የሄድን ቀን የሙሽራዋ እናት እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ባላቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት። «ያን መንገድ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ሌላ ልጅ የለኝም፣ አደራህን።» እኔም «ምንም አያስቡ፣ እናቴ» አልኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልህ አለኝ።

ፈረሱ የጓደኛዬ ቤተሰብ ጎረቤት የሆኑ የአንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነው፤ መልኩ ዳማ፣ ወጣት፣ ጆሮው የማያርፍ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄጄ «አባቴ፣ አልችልም፤ ዋሽቼ ነው» አልኳቸው። እውነቱን የነገርኩት ለሳቸው ብቻ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ከሰዓት ከሰዓት እንድመጣ ነገሩኝ። እኔ ወልድያ ባጃጅ ነው የምነዳው። ባጃጄን አቁሜ፣ በሚኒባስ መርሳ ድረስ ወርጄ፣ ከዚያ በእግሬ እሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እኔ በስመ አብ ብዬ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ወጣሁ። ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር የልጓሙን ዛብ በሁለት እጄ ወደ ደረቴ ጎተትኩት። ይቆማል ስል ጭራሽ ወደፊት ተፈተለከ። አብዝቼ ጎተትኩ፤ ፈረሱ በሁለት የኋላ እግሮቹ ቆመና እኔ መሬት ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ።

«በአፉ ቁም ትለዋለህ፣ በጎኑ ሂድ ትለዋለህ» አሉኝ ከላዬ ቆመው። «የትኛውን ይስማህ?»

«የት ነው ሂድ ያልኩት?» አልኩ ተናድጄ።

በበትራቸው ቀኝ እግሬን ነኩት። ያኔ ገባኝ። የባጃጅ ፍሬን በቀኝ እግር ነው የሚረገጠው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው መንገድ ላይ ዘው ባለብኝ ቁጥር ቀኝ እግሬ ሳያማክረኝ ፍሬን ረግጧል። አሁንም ስፈራ እርካቡን እረግጣለሁ፣ ተረከዜ የፈረሱን ጎን ይመታል፣ ፈረሱ ይሮጣል፣ እኔ ይብስ እፈራለሁ፣ ይብስ እረግጣለሁ። እንግዲህ ከዚህ እግር ጋር ነው ገደል ለገደል የምሄደው።

በማግስቱ ሽማግሌው ዛቡን መሀሉ ላይ ቆርጠው በቀጭን የጥጥ ክር ቀጠሉት። «ከጎተትክ ይበጠሳል፣ ያኔ አንተን አያድርገኝ» አሉ። ቀጥለው አመድ በውሃ ለውሰው ሁለቱንም ተረከዜን ቀቡኝ። ሜዳውን ዞሬ ስወርድ የፈረሱን ሆድ ያዩታል፤ በቀኝ በኩል ነጭ በነጭ ሆኗል። ክሩ ሦስት ቀን ተበጠሰ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ ልክ ገባ። እግሬ ግን ወይ ፍንክች።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር፣ እግሬ በመታው ቁጥር ሽማግሌው «ቁም» ይሉና ፈረሱን አስቁመው ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ማሽላ ያበሉታል። እኔ ስድብ እበላለሁ፣ እሱ ማሽላ ይበላል። አንድ ቀን ብሶኝ «ለሱ ነው እንዴ ሽልማቱ?» አልኳቸው። «እሱ ምን አጠፋ?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ወልድያ ላይ ስነዳ እንኳ ዓይኔ እግሬ ላይ ነበር። አንዲት ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ ሳንቲም ጠፋህ እንዴ?» አለችኝ። የሆነውን ለጓደኛዬ ልነግረው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ድንኳን ሲያማርጥ አግኝቼው አፌን ይዤ ተመለስኩ። ለሽማግሌው «ልተወው ይሆን?» ስላቸው «መተውማ ትችላለህ፤ ማን ያመጣታል?» አሉኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሠርጉ ደረሰ።

ወንዙ ጋ ከመኪና ስንወርድ ሽማግሌው ፈረሱን ጭነው ይጠብቃሉ። ጎንበስ ብለው አዲሱን ጥቁር ጫማዬን አመድ ቀቡት። «ዛሬም?» አልኩ። እርካቡን ያዙልኝና ወጣሁ። ሙሽራዋን ከኋላዬ አፈናጠጧት። ቀበቶዬን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«ገደሉ ጋ ስንደርስ ንገረኝ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አለችኝ።

«ምን ገደል አለ?» አልኳት። ቀኝ ጉልበቴ በራሱ ጊዜ ይዘል ነበር።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ የሙሽራው ወገኖች ከላይ ሆነው አዩን። አንዱ ደስታውን አልቻለም መሰለኝ፣ ጥይት ተኮሰ። ፈረሱ በርግጎ የኋላ እግሮቹን ወደ ገደሉ አዞረ። ከኮቴው ሥር ድንጋይ ተንከባለለ፤ ሲወድቅ እንጂ መሬት ሲነካ አልሰማሁትም። ሙሽራዋ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ «እማዬ» አለች። ሞተች፣ ገደልኳት፣ ለእናቷ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። እጄን ግን ላላ አደረግኩ፣ ይሄን በደንብ አስታውሳለሁ። እግሬም ዝም ብሏል ብዬ እምል ነበር። ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ደጁ ጋ ስንደርስ እልልታው ቀለጠ። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ አባቱ «ጎሽ የኔ አንበሳ» አሉኝ። ሙሽራዋ ስትወርድ «አንተ ባትሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እውነቴን ነው፣ ደረቴን ነፋሁ።

ሽማግሌው ከቤቱ ጀርባ ጠሩኝ። ኮርቻውን አውርደው ነበር። በፈረሱ ቀኝ ጎን፣ ከእርካቡ ቦታ ኋላ፣ መዳፍ የሚያህል አመድ ተለጥፏል። በልምምዱ ሁሉ እንዲያ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም።

«አልመታሁትም» አልኩ።

«አመድ አይዋሽም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልሮጠም?»

ከኪሳቸው ማሽላ አወጡና ለፈረሱ ዘረጉለት። «ያንተን እግር ለማስተው ሁለት ሳምንት እንደማይበቃ በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ለፈረሱ ግን ይበቃል። በመታኸው ቁጥር ቁም እያልኩ አበላሁት፤ ተረከዝህ ሲነካው መቆም ለመደ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ካየሁት ፍርሃት ይሄኛው ባሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የሷ ነፍስ እግሬ ላይ ተንጠልጥላ ነበር፣ እኔ አላወቅኩም።

ስልኬ ጠራ። የሙሽራዋ እናት ናቸው፣ ከመርሳ። ልጃቸው ደውላ ነግራቸዋለች። እያለቀሱ «እጅህ ይባረክ፣ አደራዬን አልበላህም» አሉኝ። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌውን አየኋቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ የፈረሱን ጎን እየጠረጉ ነበር፣ ቀና ብለውም አላዩኝም።

«አሜን» አልኩ።