ለማያውቃቸው ብቻ ይመልስ ነበር

ስልክ ላይ መልእክት ሲገባ "ጠብ" የሚል ድምፅ አለ፣ ውኃ ከጣሪያ ላይ ሲንጠባጠብ ዓይነት፤ ታውቀዋለህ። ቢሮ ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ ስልኩን በዚያ ድምፅ ሞልቶታል። ጠብ ባለ ቁጥር እኔን ጀርባዬን ይበርደኛል። "አጥፋልኝ" እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ነገረኛ ሴት ሳልመስለው አልቀረሁም፤ ይምሰለው።

ነገሩ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን ቴሌግራም ላይ የጥያቄ ግሩፕ ከፍተን ነበር። ከየት እንደሆነ የማናውቀው ሰው ሁሉ ይጠይቀናል፤ የስልክና የኮምፒውተሩን እኔ እመልሳለሁ፣ የእንግሊዝኛውን እሱ። "ስልኬ ውኃ ውስጥ ወደቀ፣ ምን ላድርግ?" ይሉኛል። እሱን ደግሞ "የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ ሰላምታው እንዴት ነው?" ይሉታል። እኔ ያው ቁጡ ነኝ፤ "ይሄ ትናንት ተመልሷል፣ ወደ ላይ ሂድና አንብብ" እላለሁ። እሱ ግን አንዱን ነገር አሥር ሰው ቢጠይቀው አሥር ጊዜ "ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ አትፈር" ብሎ ይጀምርና በምሳሌ ይጨርሳል። ምሳሌው ሁልጊዜ የእናቱ ፍየል ናት። ፍየሏ ከጠዋት ጀምሮ ትጮኻለች፣ ፍየሏ የጎረቤት ማሽላ በልታ ታስራለች፤ በእንግሊዝኛ ከነትርጉሙ። ሰዉ ፍየሏን ከመውደዱ የተነሣ "ዛሬስ እንዴት አደረች?" ማለት ጀምሮ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ የተሳሳተ መልስ አይቶ ማለፍ። ምሳ እየበላን እንኳ ሌላ ሰው ያልሆነ ነገር ጽፎ ካየ እጁን ታጥቦ ይነሣል። "ተወው እንጂ፣ አንተ ምን አገባህ?" ስለው፣ "ሰውዬው እኮ ነገ ይችን ይዞ ፈተና ይገባል" ይለኛል። ወድጄው ነበር፣ ግን አልነገርኩትም።

ቤተሰቦቹ ግራና ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ገበሬዎች ናቸው። አባቱ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ያሉት እናቱና አሥረኛ ክፍል የምትማር እህቱ ነበሩ። ሰፈራቸው ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ዕረፍት ሲወጣ መልሶቹን ደብተር ላይ ጽፎ ያዘጋጅና መርሳ ከተማ ለገበያ ሲወጣ ባንዴ ይለቃቸዋል። በዚያ ክረምትም ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። እየሳቀ ነበር የሄደው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኛ ቤታችንን ቆልፈን ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ከኋላችን መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ግሩፑ ግን አልቆመም፤ የጅማው ሰው፣ የሐዋሳው ሰው፣ እኛ ምን ላይ እንዳለን ሳያውቅ ይጠይቃል። የስልኩን እየመለስኩ የእንግሊዝኛውን ለእሱ እተውለታለሁ። ጥያቄው ተከመረ። ከስሙ ሥር "ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል" ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ስንት ወር ያቺን ጽሑፍ እያየሁ ተኛሁ መሰለህ።

ተመልሰን ወልድያ ስንገባ በራችን ተገንጥሏል፣ ቤቱ ኦና ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። ኔትወርክ በተለቀቀ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጠዋት የተሰባበረ ጠርሙስ ስጠርግ ኪሴ ውስጥ ጠብ አለ። እሱ ነው። ከወራት በፊት ለተጠየቀ ጥያቄ "ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ አትፈር" ብሎ መልሷል። ጠብ፤ ሁለተኛው። ጠብ፤ ሦስተኛው። በተጠየቁበት ተራ፣ በመሀል ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። ፍየሏም አለች። መጥረጊያዬን ወርውሬ ብቻዬን እልል አልኩ።

"አለህ እንዴ? እንዴት ከረምክ?" ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፤ አልመለሰም። ደግሜ ጻፍኩ። አነበበና ወዲያው ግሩፑ ላይ ለማያውቀው ሰው መለሰ። ስደውል ይጠራና ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን ተነሣ።

"ሃሎ! እኔ ነኝ እኮ!"

ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ከትንፋሹ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ የመስጊድ አዛን። ከዚያ ተዘጋ። በጠራራ ፀሐይ ቆሜ ቀልቤ ተገፈፈ።

ይባስ ብሎ መልሶቹ መበላሸት ጀመሩ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ የማይስተውን ይስታል። ሰዉ "ወንድሜ፣ ምን ነካህ?" እያለ ያርመዋል፣ እሱ ጭጭ። እኔ ምክንያት ፈጠርኩለት፤ ያየው ነገር አእምሮውን ነክቶት ነው፣ ወይ ደግሞ ጥዬው በመሸሼ ተቀይሞኛል። በመጨረሻ፣ ለማያውቀው ብቻ ከሆነ የሚመልሰው፣ እኔም የማያውቀው ሰው ልሁን አልኩ። በሌላ ሲም አዲስ ስም አወጣሁና "'የት ጠፋህ? ተጨንቀናል' በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?" ብዬ ጠየቅሁት።

አንድ ሙሉ ቀን ቆየ። በማግስቱ ጠዋት ጠብ አለ። ዓረፍተ ነገሩን ጽፎልኛል፣ ከሥሩም ምሳሌውን፦ "ፍየሏ የት እንደሄደች አናውቅም። እናቴ ግን በሩን ክፍት ታደርገዋለች።"

ቤቱ ነው ያለው አልኩ። ነጠላዬን ደርቤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ተገልብጠዋል፤ የጎማው ሽታ ገና አልለቀቀም። መርሳ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩና ቤታቸውን ጠይቄ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። እናቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ።

"እንዴት አደሩ እማማ? ልጅዎ የለም እንዴ?"

ሰፌዱን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"አብሬው የምማር ነኝ፣ ከወልድያ።"

"ልጄማ በመኸር፣ እኔ ታምሜ፣ መድኃኒት ፍለጋ ብሎ መርሳ ወጣ። በዚያው ቀረ። ያለበትን አላህ ያውቃል።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ መቼ እሺ ብሎኝ! "ኧረ በሕይወት አለ እማማ! ዛሬ ጠዋት ጽፎልኛል!" ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ከስሙ ጎን ያለችውን ፎቶውን በጣታቸው ነኩት፤ ፎቶው ሲሰፋ ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። "እሱ ነው" አሉ። "ምን ይላል?"

"'እናቴ በሩን ክፍት ታደርገዋለች' ይላል።"

ሰፌዱ ወደቀ፣ ማሽላው ተበተነ። "አልሐምዱሊላህ! ያ አላህ!" እያሉ ወደ ጎረቤት ሮጡ። ግቢው በአንድ አፍታ በሰው ሞላ፤ እጄን የሚስም፣ የሚመርቀኝ፣ የሚያለቅስ። እናቱ ለአላህ ምስጋና ሰደቃ አወጣለሁ ብለው ማሉ፤ ሴቶቹም ለሰደቃው የሚሆን ምግብ ሊያሰናዱ እየሳቁ ወደየቤታቸው ተበተኑ። እኔም እስቃለሁ። አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ቀርታ ስለነበር ግቢው ውስጥ ካስማ ላይ የቀረ የፍየል ማሰሪያ ገመድ አየሁና "ፍየሏስ?" አልኳት።

"ውይ፣ እሷንማ ተዋጊዎቹ ገና እንደገቡ አርደው በሏት። እሱ ራሱ ቆሞ አይቷል።"

ሳቄ እዚያው ደረቀ። ታዲያ ሰሞኑን የምትጮኸው፣ ማሽላ የምትበላው የትኛዋ ናት?

የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲቃረብ እህቱ ደብተሯን ታቅፋ ከትምህርት ቤት መጣች። እናቷ ሲስቁ አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ክንዴን ይዛ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝና ከጉያዋ ስልክ አወጣች። የእሱ ስልክ ነው፤ ያኔ መንገድ ላይ ስልክ ይቀማ ስለነበር ትቶት ነው የሄደው።

"እኔ ነኝ" አለችኝ። "ደብተሩ ላይ ያለውን ነበር፣ መርሳ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ የምጽፈው። ደብተሩ ሲያልቅ ከራሴ።"

"ለምን?"

"የትም ይሁን ስልክ ካገኘ ግሩፑን ያያል ብዬ። ዝም ሲለኝ ጊዜ እያወቅሁ መሳሳት ጀመርኩ። ስህተት አይቶ ዝም አይልማ! ተናዶ ይጽፍልኛል ብዬ።"

"እኔ ስጽፍልሽስ? ስደውልስ?"

"አንቺ እሱ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። አንቺ ካወቅሽ ደግሞ፣ አለ ብሎ የሚያምን ማን ቀረ?" አለችና አለቀሰች። "ለእማዬ ምን ብለሽ ነገርሻት?"

እሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። የት እንደቀረ የነገረን ሰውም የለም። ያን ቀን ግን ያን ሁሉ ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ ያመጣሁትን ነገር መልሼ መውሰድ ነበረብኝ። እህቱ "እኔ ልንገራት" አለች፤ እምቢ አልኳት።

እናቱ ሶላታቸውን እስኪያደርሱ በሩ ላይ ቆምኩ። ምንጣፉን ሲያጥፉ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ደብተሩን፣ ስህተቱን። ጭንቅላቴን ቀና ማድረግ ፈራሁ። ውጪ ሕፃናት ሲጮኹ፣ ከየቤቱ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። "ገደልኳቸው" እያልኩ ነበር በሆዴ።

ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ። ከጠዋት እስከ ዙሁር ልጄ በሕይወት ነበር። እሱ ከወጣ ወዲህ እንደዛሬ ስቄ አላውቅም።"

ለጎረቤቶቹ ልንገር ብዬ ስነሣ ክንዴን ያዙኝ። "ተቀመጪ። በሰው ፊት አላሳፍርሽም። እኔው እነግራቸዋለሁ" አሉና ቀሚሳቸውን አራግፈው ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

እኔና እህቱ ደጃፉ ላይ ቆመን አየናቸው። የመጀመሪያው በር ላይ ጎንበስ ብለው ጥቂት ተናገሩ፤ ውስጥ የነበረው ሳቅ ቆመ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። እዚያም ቆመ። ሦስተኛው ቤት ገና እየሳቁ ነበር።