ቴርሞስታቱን ልቀይረው ወይስ ላውጣው

መኪናዬ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ናት። ስገዛት ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። የሂሳብ አስተማሪ እንዲህ ያለ መኪና ምን ያደርግለታል ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ባለቤቴም ከእነሱ አንዷ ናት። መንገድ ሲለቀቅላት ግን ደስ ትላለች። ችግሩ ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ የሚወስደው መንገድ የሚለቀቀው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። ከገልባጭ መኪና ኋላ ተሰልፈን ስንቆም የሙቀት መርፌዋ ቀስ እያለች ትወጣለች። ቀዩን ልትነካ ስትል ጥግ ይዤ ሞተሩን አጠፋና ኮፈኑን ከፍቼ እስኪበርድ እጠብቃለሁ።

አቃቂ በሰቃ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ በወጣትነታቸው ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። እሳቸው ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ሞተሩ በርዶ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ፣ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" አሉኝ።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"በር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር አያሳልፍም። በረዶ አገር ላለ ሰው የተሠራ ነው። እዚህ ምን ዘበኛ ያስፈልገዋል?"

የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሳሪስ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

"እንዳታወጣው። በደንብ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ቶሎ ያልቃል። አንተ የሚያስፈልግህ አፕግሬድ ነው። ቀደም ብሎ የሚከፍት፣ ለስፖርት መኪና የተሠራ ቴርሞስታት አለ፤ አስመጣልሃለሁ።"

ይህን ለመካኒኩ አደረስኩ። "ቀደም ብሎ የሚከፍት ከሆነ ከነጭራሹ ባይዘጋስ?" አሉ። እሱንም ተመልሼ ለወንድሟ አደረስኩ። "ሰውዬው የሚያውቁት ባቡር ነው" አለኝ። ይሄኛውን አላደረስኩም። ተማሪዎቼን ከአራት መልስ አንዱን በአንድ ደቂቃ ምረጡ የምል ሰው፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ሁለት ወር አለፈ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ከወሎ መጥተው በጭነት መኪና ሥራ የሚተዳደሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራፍ ላይ አስቆሙኝና፣ "ልጅቷ ያንተ መኪና ካልሆነ ብላለች" አሉኝ። ሙሽራዋ ተማሪዬ ነበረች፤ በሂሳብ ብዙም ያልገፋች። መኪናዋ ሙቀት ትሠራለች ልላቸው አፌን ከፈትኩና "ደስ ይለኛል" አልኩ።

የሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን ከኋላ አስገባን። ቀሚሱን ለማስገባት ብቻ ሦስት ሴቶች ገፍተዋል። ሚዜው ከፊት፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ መርፌዋም መውጣት ጀመረች። የባለቤቴ ወንድም፣ ሲጨንቅህ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው፣ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል ብሎኝ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ከፈትኩት።

ሚዜው ክራባቱን አላላ። ሙሽራው ግንባሩን ጠረገ፤ ቆይቶ ደግሞ ጠረገ። የኋላው መስኮት አይከፈትም።

"ቲቸር" አለች ሙሽራዋ፣ "ማሞቂያ ነው እንዴ የከፈቱት?"

"አዎ። ሙቀቱን ከሞተሩ ላይ እያነሳሁለት ነው።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

ሚዜው ቀድሞኝ "ወደ እኛ" አላት።

መርፌዋ ቀዩን ስትነካ፣ እስረኛ ጠያቂዎች ዕቃ ከሚገዙባቸው ሱቆች ፊት ጥግ ያዝኩ። እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ፣ "እንዳያጥፉት፣ መጀመሪያ ልየው" አለች ሙሽራዋ። ሚዜው ወረደ፣ ወንበሩ ታጠፈ፣ ቀሚሱ ወጣ፣ በመጨረሻ እሷ ወጣች። ምሳ ዕቃ የያዙ ጠያቂዎች ሰልፋቸውን ትተው ያዩን ጀመር። የቀሚሷን ጫፍ ለባሏ አስያዘችና ኮፈኑን አስከፍታ ጎንበስ አለች።

"ቲቸር፣ ማራገቢያው ለምን አይዞርም?"

አየሁት፤ አይዞርም። ከዚያ በፊት ኮፈኑን በከፈትኩ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቼ ስለነበር፣ ቆሞ ማየቱን ለምጄዋለሁ።

"መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዛታል" አለች፤ "ስትቆም ግን ይሄ ነው መሥራት ያለበት።"

ሞተሩን አሁን ያጥፉት አለችኝ። የማራገቢያውን የኤሌክትሪክ ገመድ በዓይኗ ተከትላ፣ ጫፉ ከሶኬቱ ወልቆ ሲንጠለጠል አገኘችው። ሂና በተቀባው እጇ ቀጭ እስኪል ገፋችው። አንዲት ባለሱቅ በጀሪካን ውሃ አመጡልን፤ ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ጨመርንበት። እስከዚያው ሙሽራዋ የልጅነት ክረምቷን በአባቷ መኪኖች መሀል እንዳሳለፈች ነገረችኝ። በእኔ ክፍለ ጊዜ መስኮት መስኮቱን ታይ የነበረውም፣ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ለመለየት ኖሯል። እኔ ግን ሂሳብ ስለማይገባት ይመስለኝ ነበር። ደግሜ ሳስነሳው፣ ቆየት ብሎ ማራገቢያው ዞረ። ጠያቂዎቹ ሴቶች እልል አሉ። ሙሽራው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"አሁን ማሞቂያው ይጠፋል?"

በማግስቱ ሁሉንም ለመካኒኩ አወራኋቸው። "ልጅቷ ሥራ ትፈልግ ይሆን?" አሉ። የባለቤቴ ወንድም ግን አልተረታም። "ቀደም ብሎ የሚከፍተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሳሪስ ያደርሳችሁ ነበር" አለኝ።

ይህን ክርክር ራሴ ልጨርሰው ብዬ ቴርሞስታቱን አስወጣሁት። ከኬሚስትሪ አስተማሪው ቴርሞሜትር ተውሼ፣ ቴርሞስታቱን ውሃ በሞላ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥዬ ጣድኩት። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ምድጃው ላይ አጎንብሼ አገኘችኝ።

"ምን እየቀቀልክ ነው?"

"ቴርሞስታት።"

ቀረብ ብላ አየች። "በየትኛው ድስት?"

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ዓይኔን ከቴርሞሜትሩ ላይ አልነቀልኩም። ውሃው ሰማንያ ሁለት ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ ቴርሞስታቱ ልክ ጀርባው ላይ በተጻፈው ቁጥር ከፈተ። ምንም አልነበረበትም። መካኒኩ እየተነጫነጩ መልሰው ገጠሙት፤ እስከ ዛሬም እሱው ነው የሚሠራው። ድስቱ ግን ወደ ኩሽና አልተመለሰም።