ለስልሳ ተማሪ ያባዛሁት ልብ

በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በእጄ ከሣልኳቸው ሥዕሎች ሁሉ አንዱን እንደ ኃጢአት አስታውሰዋለሁ።

የልብ ሥዕል ነበር። የረባ ማይክሮስኮፕ የለን፣ ሞዴል የለን፤ ያለን ኮፒው እንደገና ኮፒ እየተደረገ እንደ ከሰል የጠቆረ አንድ ወረቀት ነው። የክፍሎቹ ስም አልተጻፈበትም፤ ተማሪው እንዲሞላው የተተወ ነው። ልጆቼ በዚህ ጥቀርሻ ምን ሊማሩ ነው ብዬ ተናደድኩ። መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት፣ ንጹሕ ወረቀት ደረብኩበት፣ መስመሩን እየተከተልኩ በእስክሪብቶ ሣልኩት። ስሞቹን ከራሴ ሞላሁ። በልብ ሥዕል ላይ ቀኝ የሚባለው በተመልካቹ ግራ በኩል እንደሆነ ተኝቼ ብጠየቅም አልስተውም። ኮፒ ቤት ሄጄ ስልሳ አስባዛሁና እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ ለጠፈው። ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

በሳምንቱ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። አባቷ ሉካንዳ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነው። እሷ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ለዚያ ያላት መንገድ ደግሞ የአገር አቀፉ ፈተና ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ አባቴ ለቅርጫ ያረደውን በሬ ልብ ከደረቱ ሳያወጣ ግራውን በክር ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ አውጥቶ ሰንጥቆ አሳየኝ። ወፍራሙ ግድግዳ በግራ ነው። እርስዎ የሰጡን ላይ ግን በቀኝ ነው» አለች።

ግራና ቀኙን ማምታታት በየዓመቱ የማርመው ስሕተት ነው። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ የመጣሁበት ጠዋት ነበርና ወረቀቱን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። የግራው እንደሚወፍር ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው!

«አባትሽ ከየት በኩል ቆሞ እንዳየው ጠይቂው» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። አልበቃኝም፤ «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል፤ በይ ቁጭ በይ» ብዬ ጨመርኩበት። ቁጭ አለች።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪው በአውቶቡስ ይወሰዳል፤ ደብተሩን ይዞ ይገባል፣ ስልክ ግን ክልክል ነው። በሚሄዱበት ጠዋት የመምህራን ክፍል ጠረጴዛዬን ሳስተካክል የጠቆረውን ወረቀትና እኔ በእስክሪብቶ የሣልኩትን ጎን ለጎን አገኘኋቸው። መስኮቱ ላይ ስለጥፈው ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌዋለሁ፤ ብርሃኑ ከጀርባውም ያሳያልና አላስተዋልኩም። ሥዕሉ ዞሯል፣ እኔ የጻፍኳቸው ስሞች ግን አልዞሩም። ወፍራሙ ግድግዳ ላይ በገዛ እጄ «ቀኝ» ብያለሁ። ሥዕል የሚባል ባያዩ ይሻላቸው ነበር፤ የሌለው ይጠይቃል፣ የተሳሳተ የያዘ ግን አወቅሁ ብሎ ይተኛል።

አውቶቡሶቹ ወደሚነሡበት ሜዳ ሮጥኩ። ሁለቱ አውቶቡሶች ወጥተዋል፤ የምደውልላቸው ስልክ የላቸውም። ሦስተኛው ሞተሩን አስነሥቷል። መስኮቱን እየደበደብኩ «የልቡ ሥዕል ስሕተት ነው! የሚወፍረው የግራው ነው!» እያልኩ ጮህኩ። አንዳንዶቹ ልሰናበታቸው የመጣሁ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። አልቅሼ ነበር መሰለኝ፣ አውቶቡሶቹን የሚያጅበው ፖሊስ ክንዴን ይዞ «መምህር፣ ይበቃል፤ ዞር ይበሉ» አለኝ።

ያቺ የሥጋ ቆራጩ ልጅ ከኋለኛው ወንበር መስኮቷን ከፈተች። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ከእኔ ወረቀት አጠገብ የበሬውን ልብ በእርሳስ ሥላው ኖሯል፤ ውፍረቱ፣ ስሙ፣ ሁሉም ልክ። ከጥግ እስከ ጥግ ግን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛዋለች።

«ቲቸር፣ ይሄንን እኮ የዚያን ቀን ሲቆጡኝ ሰረዝኩት። አሁን የትኛውን ላጥና?»

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። «የሰረዝሽውን!» አልኩ፤ ድምፄ ግን ከሞተሩ በላይ አልወጣም።