የማይጎድለው ኩበት

የቢቸናው ገበሬ ታዘበው ዝናቡንም የሚጠረጥር ሰው ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ «ለመመዝገብ ብቻ ነው» ያሉት ሰዎች ገመድ ዘርግተው፣ ምንጭ ዳር ያለችውን ማሳውን ለሌላ ሰጡበት። ከዚያ ወዲህ ሜትር የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ወደ ማሳው ይሮጣል።

እናም በ2003 የግብርና ባለሙያዋ፣ የሞጣዋ ልጅ ትርሲት፣ ሜትር ይዛ ጓሮው ስትገባ ከኋላዋ አልተለየም። ነገሩ ባዮጋዝ ነው፤ እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ጉድጓድ ይገባል፣ ጋዙ ምድጃ ያነዳል፣ ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል። እበት ይህን ያህል በረከት ካለው የወረዳ ሰዎች መቼ ለእኛ ይተዉት ነበር አለ ታዘበው። ሚስቱ ማናለሽ ግን ዓይኗ በኩበት ጢስ ሲያነባ የኖረ ነውና ለመነች፣ ለመነች፤ ተቆፈረ።

ሰማያዊው እሳት በጥር ሲለኮስ ታዘበው ሌላ ጥርጣሬ ወለደ፦ ሽንት ቤቱን በስውር አያይዘውበታል። በመጪው ዓመት ጥር ሃያ አንድ ደግሞ የማርያም ጽዋ ተረኛ እሱ ነው። ማኅበርተኛው ተጸይፎ እጁን ከሰበሰበ ስሙ የአገር መተረቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ የቤቱም የማኅበሩም ወጥ በኩበት ብቻ እንዲሠራ አዘዘ፤ ማናለሽም እሺ አለች። ወንድ ማድቤት መግባቱ ነውር ነውና ገብቶ አላየም። ጠዋት ጠዋት ግን የኩበቱን ክምር ይቃኛል። አንድም አይጎድልም። ሌባ ፈርቶኛል ብሎ ደስ አለው።

ዓመቱ ደረሰ። መምሬ ሀብተ ሥላሴ ባርከው ዶሮ ወጡን ሲቀምሱ ታዘበው አፋቸውን ያያል። ደግመው ጎረሱ። ሌላውም በላ። ታዘበው ልቡ ሞላና፣ ወጡ የተሠራው በኩበት እንጂ በዚያ ጉድጓድ ጋዝ አለመሆኑን ጮክ ብሎ ተናገረ።

መምሬ በበሩ አሻግረው ክምሩን አዩ። ሸረሪት አድርቶበታል።

«ታዘበው፣ ይህ ኩበት መቼ ነዶ ያውቃል?»

የጎደለ ሲጠረጥር የኖረው ሰው ያልጎደለውን አልጠረጠረም ነበር። አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መምሬ ግን ኩበቱስ ድሮ ከምን ተጠፈጠፈ ብለው እንደገና ጎረሱ። ማኅበርተኛው ሳቀና ተከተላቸው።

ማናለሽ ሌማቱን ይዛ ቆማለች።

«እርስዎ ሁሉን ይጠረጥራሉ፤» አለችው ቀስ ብላ። «ዓመት ሙሉ ዓይኔ እንዳላነባ ግን አላዩም።»

ታዘበው ቀና ብሎ አያት። ሃያ ዓመት ቀልቶ የሚያውቀው ዓይን ጠርቷል። መቼ እንደጠራ አያውቅም።