አባቴና የሚጋጩት መኪኖች

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የታክሲ ሹፌር ነው። ከመገናኛ ኮተቤ፣ ከኮተቤ መገናኛ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባሱ ሲመላለስ ልጆቹን አሳደገ፣ ዳረ፣ የልጅ ልጅም አየ። ሰው ገጭቶ አያውቅም። መኪናም ገጭቶ አያውቅም። ይህንን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል፤ ለእንግዳ፣ ለሐኪም፣ እኔን ለልጃቸው ሊጠይቁ ለመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀር ተናግሯል። ሽማግሌዎቹ ምን ብለው እንደሚመልሱ ግራ ገብቷቸው ማሻአላህ አሉ።

አምና የዓይን ግፊት እንዳለበት ታወቀ። በግራ በኩል ያለው ነገር አይታየውም፣ መኪና መንዳት ማቆም አለበት ብሎ ሐኪሙ በግልጽ ነገረው። አባቴ እሺ አለ፤ ጠብታውን ተቀበለና በማግስቱ ማለዳ ተራ ሊይዝ ወጣ።

እኛ ግን እናይ ነበር። በግራው የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ሁሉ ይደፋል። የሳሎኑን መቃን በትከሻው ይገጨዋል፤ ምነው ሲሉት፣ በሩ ጠቦ ነው ይላል። እኔ ሳልወለድ የተሠራ በር ድንገት ጠበበ። እናቴ ምንም ሳትል ብርጭቆውንም፣ ስልኩንም፣ መነጽሩንም ወደ ቀኙ ማስቀመጥ ጀመረች። ወንድሜ አንድ ቀን ደፍሮ ቁልፉን አስረክብ ቢለው፣ አባቴ ለሳምንታት ሰላምታውን ነፈገው። በየማለዳው ሚኒባሱ ሞልቶ ሲወጣ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ ደግሞ ቢሮዬ ተቀምጬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ።

በመጨረሻ እናቴና እኔ ተማከርን። በኢድ ማግስት ቤተሰቡ ሁሉ እንጦጦ ላይ ወዳለው የመጫወቻ ሥፍራ ይሄዳል፤ እዚያ እኔ እነግረዋለሁ። አባቴ የልጅ ልጆቹ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ነጋሪዋ እኔ የሆንኩት ታላቅ ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ደስ የማይል ነገር ሁሉ የእኔ ድርሻ ነው።

ዕቅዱ አንድ ጉድለት ነበረው። ወደዚያ ይዞን የሚሄደው እሱ ራሱ ነበር።

ከጉርድ ሾላ ተነሳን። ልጆቹ ከኋላ ሆነው መገናኛ፣ መገናኛ እያሉ መንገደኛ ይጠራሉ፤ አባቴ ይስቃል። ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ግን እናቴ ሳምቡሳ የያዘውን ድስት አጥብቃ አቀፈችው። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ከላይ የሚወርድ አይሱዙ ብቅ አለ። ተቃራኒው መኪና ሁልጊዜ የሚመጣው በግራ ነው፤ አባቴም ወደ መሐል ገባ ብሎ ነበር የሚነዳው። አይሱዙው ክላክሱን ለቀቀው። አባቴ ያኔ ነው መሪውን የጠመዘዘው። ዘንድሮ ሰው መንዳት አይችልም አለ።

የመጫወቻው ሥፍራ ከባሕር ዛፉ በታች፣ ከአንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር ነው። ዳክዬ የሚመስሉ በእግር የሚነዱ ጀልባዎች አሉት፤ ቀለማቸው የተላጠ ፈረሶች ይዞሩበታል፤ ሙዚቃው ከልክ በላይ ይጮኻል። እናቴ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘረጋችና ቶሎ በይ የሚል ዓይኗን ወረወረችብኝ። እኔ ግን ፈራሁ። መጀመሪያ ልጆቹ ጀልባ ላይ ይውጡ አልኩ። ከዚያ አይስክሬም ይብሉ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ልጄ አባቴን እጁን ጎትቶ ወደሚጋጩት መኪኖች ወሰደው፣ እኔም እፎይ አልኩ።

አባቴ እዚያች ጢኒጥ ያለች መኪና ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። ቢስሚላህ አለ። የሌለ መስታወት ለማስተካከል እጁን ዘረጋ። ከዚያ ፍሬኑ የት እንዳለ ጠየቀ።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሳቋን እየታገለች፣ “አባት፣ ፍሬን የለውም። ጨዋታው መጋጨት ነው” አለችው።

“እኔ እንኳ አልጋጭም” አላት።

አልተጋጨምም፣ መጀመሪያ ላይ። በቀኙ የሚመጣበትን ሁሉ ሸርተት እያለ አመለጠው፣ ለሌሎች ቅድሚያ ሰጠ፣ መታጠፍ ሲፈልግ እጁን አወጣ። አጥሩን ይዤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ አንድ መኪና በግራው መጥቶ ገጨው። ሁለተኛም ገጨው። አንዴም ዘወር አላለም፤ ከተገጨ በኋላ ብቻ ደንግጦ ያያል። ሳቄ ጠፋ። ልጆች ክፋት ባይኖራቸውም ቶሎ ይማራሉ፤ ወዲያው ሁሉም ወደዚያው ጎን መዞር ጀመሩ።

ልጄ በደስታ ለአጎቱ ልጅ ጮኸለት፦ “አባባን በግራ በኩል ግጨው! በዚያ በኩል አያየንም!”

መኪኖቹ ጊዜያቸው አልቆ ቆሙ። ልጆቹ ወረዱ። አባቴ አልወረደም። መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊቱን ያያል። ቀርቤ በቃ እንሂድ ልለው ስል፣ ተቆጣጣሪዋን “አንድ ዙር ለእኔና ለዚህች ልጄ ብቻ ፍቀጂልን” አላት። ምሳ ሰዓት ስለነበረ ተራ የሚጠብቅ አልነበረም፤ እሺ አለችው።

“አንቺ እዚያ ጥግ ካለችው መኪና ውስጥ ግቢ” አለኝ። “ከግራዬ ነይ፣ ቀስ ብለሽ። ሳይሽ እነግርሻለሁ።”

ገባሁ። አባቴ መንገድ ላይ እንደሚሆነው ሆኖ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ። ተንቀሳቀስኩ። ወላሂ፣ እንዲያየኝ የፈለግሁትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። በልቤ በል አሁን፣ በል አሁን እላለሁ። የጆሮው ጸጉር እስኪታየኝ ቀረብኩ። እግሬን ባነሳም መኪናዋ በራሷ ተንሸራተተች።

“ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?” አለኝ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ነካሁት።

አልተቆጣም። ከመኪናዋ ለመውጣት እጁን ሰጠኝና ደግፌ አወጣሁት። ምንጣፉ ጋ ስንደርስ እናቴ በሹክሹክታ፣ ነገርሽው ወይ አለችኝ። ራሱ አወቀው አልኳት። እሷም ሳምቡሳ አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ እሱም ሐይቁን እያየ ቀስ ብሎ በላው።

ወደ ቤት ልንመለስ ስንል የሚኒባሱን ቁልፍ ሰጠኝ። የመሥሪያ ቤቴን መኪና ስነዳ ዓመታት ሆኖኛል፤ የእሱን መሪ ግን አስነክቶኝ አያውቅም ነበር። ዞሮ ጋቢና ገባ፤ በሩን ለመዝጋት ትንሽ ታገለ፣ በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅማ። በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ፍሬን ላይ አትተኚ አለኝ። ልጆቹም ደክሟቸው አንቀላፉ።

ቁልቁለቱን ልንጨርስ ስንል፣ “እንዲህ ሆኜ ስንት ሰው ጭኛለሁ?” አለኝ።

ወራት ሙሉ ምነው ይህ ሰው በፈራ ስል ኖሬ፣ ሲፈራ ማየት ግን አልቻልኩም።

“ሁሉንም አድርሰሃል፣ አባ” አልኩት።

“አላህ ነው ያደረሳቸው” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በግራዬ መኪና እየመጣ ስለነበር ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።