ወርቁ የለቀቀው የአደራ ዓሣ

በወይራ የታጠነ እንስራ ውሃ አልጠጣም። ጎረቤቶቼ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ ከቧንቧ ቀድተው ይሰጡኛል፤ የማያውቀኝ ሰው ቤት ስገባ ግን ጉድ ይፈላል። ባለፈው እሑድ አንዲት አዲስ ሙሽራ እንኳን ደስ ያለሽ ልል ሄጄ፣ ልጅቱ ሙያዋን ልታሳየኝ እንስራዋን አጥና ጠብቃኝ ኖሮ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ስታቀርብልኝ ገና ከንፈሬ ሳይደርስ ያ የጭስ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሙሽራዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ንቀት አይደለም ልጄ፣ የሆድ ነገር ነው ብዬ ዋሸኋት። እውነቱን ብነግራት ጃጅታለች ትለኛለች፤ እውነቱ ግን ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አንድ ነጭ ዓሣ በጎኑ ተኝቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይታየኛል፣ ከዓሣው ጀርባም የአባቴ ፊት አለ።

አባቴ እዚሁ መቱ የኬላ ጸሐፊ ነበሩ። እኛ ልጆቻቸው ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከኋላቸው «ጋሼ አደራ» ይላቸዋል፣ ፊት ለፊት የሚደፍር አልነበረም እንጂ። ሩቅ መንገድ የሚሄድ፣ ሙግት ያለበት፣ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሁሉ ዕቃውን አምጥቶ እኛ ዘንድ ያኖራል። ከመኝታው ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ዕቃ ቤት ነበረችን፤ ቁልፏ ከአባቴ ወገብ አይወርድም። ሕጋቸው አጭር ነበር፦ አደራ አይነካም፣ አይከፈትም፣ አይታይም። አንድ መንገደኛ ትቶት የሄደው ጥቁር ጃንጥላ ሦስት ክረምት ሙሉ እዚያ ውስጥ ደርቆ ሲከርም፣ አባቴ የኢሉባቦርን ዝናብ በባዶ ራሳቸው እየተቀበሉ ኬላ ይወርዱ ነበር። እናቴ «ኧረ ጃንጥላው ራሱ ያፍርብዎታል» ስትላቸው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉና በረጠበ ጋቢያቸው ወደ ምሳቸው ይቀርባሉ።

ዓሣው የሙሴ ስታቭሮ ነበር። ሙሴ ስታቭሮ ገበያው አፋፍ ላይ ሱቅ የነበረው ግሪክ ነው፤ ቡና ይገዛል፣ ጨርቅና መርፌ ይሸጣል፣ ሚስትም ልጅም የለውም። አንድ ክረምት ባሮ ሞልቶ መርከቡ ጋምቤላ ሲደርስ፣ ሌላው ጭነት ሁሉ በበቅሎ ሲመጣ ይህ ዓሣ ብቻ በገንቦ ሆኖ በሰው ራስ ላይ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ። ከጣቴ እምብዛም አይበልጥም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የሙሽራ ቀለበት ይመስል ነበር። ሙሴ ስታቭሮ በትልቅ ክብ ብርጭቆ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፤ ሰዉ ብርጭቆውን «ትልቁ ብርሌ»፣ ዓሣውን «ወርቁ» ብሎ ስም አወጣላቸው። እኔ መርፌ ግዢ ተብዬ ስላክ ሳልፈልግ ክርም እጠይቃለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ እንዳየው።

ከዚያ ከጦርነቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ክረምት መጣ። አሥር ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ መጀመሪያ በነጋዴ አፍ፣ ቀጥሎ በወታደር አፍ፣ በኋላ በሁሉም አፍ ሆነ፤ ከሰማይ እሳት የሚያወርድ ነገር አለው ይባል ነበር፣ እኛ ልጆች ደመናውን ቀና ብለን እያየን እንሮጥ ጀመር። ፈረንጆቹ አንድ በአንድ ሱቃቸውን እየዘጉ፣ ባሮ ሳይጎድል መርከብ ለመያዝ ወደ ጋምቤላ ወረዱ። አንድ ሱቅ በተዘጋ ቁጥር ገበያው ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

ሙሴ ስታቭሮ በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት የታሰረ ሣጥን አሸክሞ፣ ብርሌውን ግን ራሱ አቅፎ፣ ቤታችን መጣ። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር። የአባቴን እጅ ይዞ «አደራ» አለ፤ ይህችን ቃል ጥርት አድርጎ ነበር የሚላት። ቀጥሎ ወደ ዓሣው እያመለከተ ሁለት ጣቶቹን ገጥሞ «ትንሽ ትንሽ» አለ። አባቴ ዓሣውን ጎንበስ ብለው አዩና «አዎ፣ ትንሽ ነው» አሉት። በዚህ ተስማምተው ተለያዩ።

አባቴም እንደ ደንባቸው ሣጥኑን በራሳቸው ቋጠሮ ደግመው አሰሩት፣ ብርሌውን ከሣጥኑ አጠገብ አኖሩ፣ በሩን ቆለፉ። አደራ አይነካማ! በግ ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር፤ ዓሣ ግን የሚጮህበት የለውም። እኔ ከዚያ ግድግዳ ወዲህ በሰላም እተኛ ነበር፣ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ዝናቡ አላባራ አለ። ሶር ሞልቶ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ከኬላው በቅሎዎቹ ተወሰዱ፣ ጨው ከገበያ ጠፋ፣ አባቴ የማላውቀውን ጠመንጃ ከቆጥ አውርደው ሲወለውሉ አየኋቸው። ጣሊያን ምንድነው የሚፈልገው ብዬ ስጠይቅ እናቴ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ዝም በይ» አለችኝ። ይህን ስትል ዓሣው ትዝ ያላት አይመስለኝም፤ ከእኛም ትዝ ያለው አልነበረም።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሣር በስብሶ ማፍሰሱ ታወቀ። አባቴ ለሣጥኑ ሰግተው በሩን ከፈቱ፣ ጧፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የሻገተ ውሃ ሽታ ተቀበለን። ሣጥኑ ደረቅ ነበር፤ ጠብታው የሚወርደው ብርሌው ውስጥ ነው። ያ ጠብታና ከሣሩ የሚረግፈው ተባይ ባይኖር ኖሮ የምናገኘው አጥንት ነበር። በአረንጓዴው ውሃ ላይ አንድ ነጭ ነገር በጎኑ ተንሳፏል።

አባቴ አዩትና «ወርቁ የታለ?» ብለው ከሣጥኑ ኋላ መፈለግ ጀመሩ።

ሌላ ዓሣ የገባ መስሏቸው ነበር። ነጩ ነገር አፉን ሲከፍት ጊዜ ገባቸው፤ ጨለማውና ረሃቡ ወርቁን አጥበው ወስደውታል። አባቴ ጸሐፊው፣ ጋቢያቸው ጭቃ እንዳይነካው የሚጠነቀቁት ሰውዬ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ወርቅ ሰጥቼው ነጭ መለሰልኝ ይላል» አሉ። «ልጆቼ የአደራ በላ ልጆች ሊባሉ ነው።»

እናቴ ከደጅ ሆና «ለመሆኑ ምን ይበላል ብለው ነው የቆለፉበት?» አለች።

«ውሃ ውስጥ አይደል የሚኖረው?»

«እኛስ ምድር ላይ አይደል የምንኖረው፣ አፈር እንበላለን?»

ሳቄ መጣ፤ የአባቴን ፊት ሳይ ግን ጠፋ። ፈርተው ነበር። የዚያን ጊዜ ወንዶች ሁሉ ስለ ጣሊያን ሲፈሩ አባቴ የፈሩት ስማቸውን ነበር፣ እኔም ዓሣው ከሞተ አባቴ የሆነ ነገር ይሆናሉ ብዬ አመንኩ።

ዓሣውን ማስታመም ለእኔ ተሰጠ። እናቴ ካለን ሁሉ የተሻለውን ልስጠው ብላ፣ ለተከበረ እንግዳ የሚቀዳውን፣ ያን ዕለት ጠዋት በወይራ ያጠነችውን የእንስራ ውሃ ገለበጠችለት። ዓሣው እንደገባ ብርሌውን ዙሪያውን ሮጠ፣ ዘለለ፣ ተገለበጠ። ነቃ! ብለን አጨበጨብን። ደስ ያለው መስሎን ነበር። ሲደክመው በጎኑ ወደቀ፣ ክንፉም መንቀሳቀስ አቆመ፤ ጮህኩ።

ያዳነችን አዴ ጫልቱ ናት። አዴ ጫልቱ የአጥር ጎረቤታችን፣ ሶር ዳር ያደገች፣ ወንድሞቿ ዓሣ አጥማጆች የሆኑ ሴት ነበረች። ጩኸቴን ሰምታ ገባች፣ ውሃውን በጣቷ ነክታ አሸተተችና ራሷን ያዘች።

«ማሎ! ቁርጡሚው ጭስ ጠጥቷል!» አለች፤ ዓሣ ማለቷ ነው። «ለእናንተ የጣፈጠ ሁሉ ለሱ ይጣፍጣል? ሂጂ ዘነቡ፣ ከምንጩ ቢሻን አምጪ፣ ባልታጠነ ቅል!»

ምንጩ ድረስ በጭቃ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ሮጥኩ። ያመጣሁትን ውሃ ሰፊ ገበቴ ላይ ገለበጠችና ዓሣውን በመዳፌ አስይዛ ወደ ፊት ወደ ፊት እንድገፋው አደረገችኝ፣ ውሃው በአፉ ገብቶ በጉንጩ እንዲወጣ። እጄ እስኪደነዝዝ፣ ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው እስኪገቡ ድረስ ገፋሁት። መዳፌ ውስጥ እንደ ራሰ ቅጠል ተጋድሞ ነበር፤ ከዚያ ጅራቱ አንድ ጊዜ ኮረኮረኝ። አለቀስኩ።

ቀጥሎ ደግሞ አልበላም አለ። እናቴ «ፍልሰታ አይደል፣ ሕፃን ሁሉ ይጾማል» አለች፤ ያን ሰሞን ከሳቅንባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቂጣ ፈርፍሬ ተውኩት፣ ሻገተ። በአምስተኛው ቀን አዴ ጫልቱ ከጠፈጠፍ ሥር ከረጋው ውሃ የምትዋኝ ትል በማንኪያ ጨልፋ ጣለችለት፤ ዋጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሁለት ሆነ፣ ትል ማደንና ፀሐይ ማሳደድ። ደመናው በተከፈተ ቁጥር ብርሌውን አቅፌ ከአጥር ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ ጓሮ ብርሃኑን እከተላለሁ። በጳጉሜን ከጉንጩ ሥር አንዲት የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቢጫ ወጣች። አባቴ ኬላ ከመውረዳቸው በፊት ቁጢጥ ብለው ያችን ቅንጣት ሳያዩ አይወጡም ነበር።

ሰዉም ሊያይ ይመጣ ጀመር፤ የሚያየው ግን የዳነውን ሳይሆን ነጩን ነው። ወርቅ ነጭ የሆነበት ዘመን ለማንም አይበጅም እያሉ ከንፈራቸውን መጥጠው ይወጣሉ። እኔ በጀርባዬ ልከልለው እሞክራለሁ። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ግን እኔም እፈራው ነበር፣ ዓይኑን አይጨፍንማ፤ እኛ የማናየውን ነገር ከሩቅ ሲመጣ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ገበያው መካከል ነጋሪት ተጎሰመ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ተነሣ፣ አባቴም ተነሡ። በሄዱበት ጠዋት ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል። ዘማቹና ሸኚው መንገዱን ሞልቶታል። አባቴ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ለእናቴ ሰጧትና «ልጆቹን አደራ» አሏት። አዴ ጫልቱን «ቤቱን አደራ» አሏት። በመጨረሻ ወደ እኔ መጥተው ብርሌውን አዩ። ዓሣው በግራ ጎኑ ወርቅ፣ በቀኙ ገና ነጭ ነበር።

«ዘነቡ፣ ወርቁን አደራ» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ቀንሰው «ምናልባት እኔ ሳልደርስ ሙሴ ቢመጣ፣ ነጩን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሪው» አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ያሰቡት ማታለል ይህ ብቻ ይመስለኛል። እናቴ ጃንጥላውን ልታወጣላቸው ብትል ተቆጧት፣ በባዶ ራሳቸው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

በጥር ዓሣው ሙሉ በሙሉ ወርቅ ሆነ። የማሳየው ሰው አልነበረኝም። የምሥራች የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ መርዶ የሚያመጣው አይጠፋም፤ አንዱ ተመላሽ እዚህ ወደቁ አለን፣ ሌላው የለም እዚያ ነው አለ፣ መቃብራቸውን ያየ ግን የለም። በሚቀጥለው ክረምት ጣሊያን ወደኛ መቃረቡ ሲሰማ እናቴ ሣጥኑን ዕቃ ቤቱ ወለል ሥር ቀብራ፣ ጃንጥላውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከአዴ ጫልቱ ጋር ዳሪሙ ገጠር፣ የእሷው ዘመዶች ዘንድ ሸሸን። ብርሌው ለመንገድ አልመች ስላለ ዓሣውን ባልታጠነ የሸክላ ገንቦ አድርጌ አዘልኩት። ያገኘነው ጎጆ ጨለማ ነበር፣ ወታደር ያልፋል እየተባለ ደጅ አንወጣም፣ ገንቦውም ጨለማ ነው። ቀስ በቀስ እንደገና ነጣ። ትልም ንጹሕ ውሃም አልጎደለበትም፤ የጎደለው ፀሐይ ነው፣ እሱን ደግሞ እኛም አላገኘነውም። አንድ ጠዋት ነጭ እንደሆነ ሞቶ አገኘሁት፣ ቡና ሥር ቀበርኩት፤ ለማንም ሳልናገር ብዙ ቀን ባዶውን ገንቦ ውሃ ቀየርኩለት።

ጣሊያን ወጥቶ ወደ መቱ ከተመለስን በኋላ ሙሴ ስታቭሮ ጸጉሩ ሸብቶ መጣ። እናቴ ሣጥኑን ቆፍራ አወጣችለት። የአባቴ ቋጠሮ እንዳለ ነበር፤ ሙሴ ስታቭሮ ያን ቋጠሮ በጣቱ እየዳበሰ አለቀሰ፣ እናቴም አለቀሰች። እኔ ተራዬ ሲደርስ ፊቱ ቆምኩ። ለዓመታት ያጠናሁትን ነው የምናገረው፦ ዓሣዎን አባቴ አልበሉትም፣ ድኖ ነበር፣ ሙሉ ወርቅ ሆኖ ነበር፣ ነጭ ሆኖ የሞተው በእኔ እጅ ነው።

ዓይኑን እየጠረገ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ዓሣ?» አለ። «የምን ዓሣ?»

ያን ጊዜ ሰውየውን ጠላሁት። አሁን አልጠላውም፤ እርሱም ስንት ነገር ጥሎ የሄደ ሰው ነበር። ያ ጃንጥላ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ፣ ባለቤቱ አልመጣም፣ አልዘረጋሁትም። በዝናብ ስወጣ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያን ጠዋት አባቴ ልጆቹን ለእናቴ፣ ቤቱን ለአዴ ጫልቱ፣ ዓሣውን ለእኔ ሰጥተው ማንንም ያለ ጠባቂ ሳይተዉ ሄዱ። እኛ ግን ያ ሁሉ ዘማች በደጃችን ሲያልፍ ቆመን እያየን፣ ከመካከላችን አንዳችን እንኳ አንዱን ሰው ጠርተን «እኚህን ሰው አደራ» አላልንም።