ለእናታችን በካርቱም የተሠራ ዜማ

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በኅዳር ወር፣ ቫዮሊኔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከደሴ ተነሣሁ። ካርቱም የምወርደው ዘጠኝ ዓመት ያላየኋትን እህቴን ዘይነባን ለማየትና ዜማ መሥራት ለመማር ነበር። በቀበሌ ኪነት የሰው ዜማ ስጫወት አደግሁ እንጂ የራሴ የምለው አልነበረኝም። ዘይነባ በካሴት ቀድታ በላከችልኝ መልእክት «አሠሪዬ ስኮትላንዳዊት ናቸው፤ እንዳንተው ቫዮሊን ይጫወታሉ። የአገራቸው ዜማ የኛን ይመስላል። ናና ያስተምሩህ» አለችኝ።

መተማ

ጎንደር አድሬ በማግሥቱ መተማ ደረስኩ። ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ፣ ገላባት ላይ ፉል በዳቦ በልቼ የገዳሪፍ መኪና ያዝኩ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራ ቀኙ የማሽላ ማሳ። አጠገቤ የተቀመጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጥቅሌን ነካ አድርገው «ከመንጃ?» አሉኝ። ቫዮሊን ማለታቸው ነው። አዎ ስላቸው ከቴምራቸው አካፈሉኝ።

ካርቱም

ሱቅ ዐረቢ ስወርድ ዘይነባን በድምጿ ነው የለየኋት። «ሰይዶ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናታችን ስትሞት መምጣት አልቻለችም ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም ስለ እናታችን አላነሣንም። «ያላ፣ ሃፍላው ሊሞላ ነው» ብላ አውቶቡሱ ላይ አስወጣችኝና አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አሠሪዋ ቤት ወሰደችኝ።

ሚስ ፍሎራ ሰባ ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በዐረብኛ ይናገራሉ፤ ዘይነባ ትተረጉምልኛለች።

«ዜማው ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ከታች፣ እቤቱ ይቆያል፤ ሁለተኛው ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ይደገማሉ» አሉኝ። አጭሩ ድምፅ ቀድሞ ረጅሙን ሲገፋው ምቱ እንዴት እንደሚነጥርም ተጫውተው አሳዩኝ።

ሦስት ቀን ለፍቼ አንድ ፈጣን ዜማ አቀረብኩ። ሰምተው ለዘይነባ የሆነ ነገር አሏት።

«ምን አሉ?»

«ጣቶችህ ጎበዞች ናቸው አሉ። ግን የማን ዜማ ነው ይላሉ። እነሱ አገር ዜማ ለሰው ይሠራል፤ ለተዳረ፣ ለሄደ፣ ለሞተ።» ከዚያ ከራሷ «ለእማዬ ሥራላት» አለችኝ።

የመጀመሪያው ክፍል በአንድ ጠዋት መጣልኝ። ሁለተኛው ግን እምቢ አለ፤ በጀመርኩት ቁጥር ተመልሶ ያው የመጀመሪያው ይሆንብኛል። በአምስተኛው ቀን ዘይነባ ከኋላዬ ልብስ እየተኮሰች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አንጎራጎረች።

«እንዲህ አይሄድም?»

በቫዮሊኑ ተከተልኳት። መጨረሻው ላይ ድምጿ ተቆረጠ። ካውያዋን አስቀምጣ መሬት ቁጭ አለችና ያን ሁሉ ጊዜ ውጣ የያዘችውን ልቅሶ አለቀሰች። ሚስ ፍሎራ ከውስጥ መጥተው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ቤት ዛሬም ውል ይለኛል።

ደሴ

ዘይነባ እዚያው ቀረች፤ እኔ በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለስኩ። ዜማ ለመሥራት ጎበዝ ጣት ብቻ እንደማይበቃ ተምሬያለሁ።

አባቴ ስለ ልጃቸው ጤና ጠይቀው ሲያበቁ ቫዮሊኑን አወጣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይኼ ወደ ላይ የሚወጣው የዘይነባ ነው» አሉ።

«ማን ነገረዎት አባባ?»

«ልጄ አይደለች እንዴ! በል ድገመው።»